አባቶቻችን ሥራ የገቡበት ሐሙስ

ሐሙስ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤታችን ሠላሳ አንድ ሠራተኞች ጠፉና በምትካቸው አባቶቻቸው ገቡ።

ማንም አልጮኸም። ከአባቶቹ ግማሾቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የቀሩትም ቢሆኑ ጉለሌ ድረስ ተሳፍረው የሚመጡበት ጉልበት የላቸውም። ቢሆንም ገቡ፤ ኮምፒውተር ውስጥ። ከሥራ አስኪያጁ እስከ በር ጠባቂው ድረስ የማንም ሰው ስም አልነበረም፤ የአባቱ እንጂ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የአባቱ ስም ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል፤ ሲጠየቅ ብቻ ወደ ፊት ይወጣል። ሌላው ዓለም እንዲህ አይደለም። አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው፤ አያት፣ አባት፣ ልጅ፣ አንዳንዴም ሚስት ያንኑ ይለብሱታል፤ ከታላቅ ወደ ታናሽ እንደሚወርድ ኮት ነው። እኛ ዘንድ አባት ስሙን የሚያውሰው ለልጁ ብቻ ነው። የልጅ ልጅ ሲመጣ አያትዬው ወደ ሦስተኛው መስመር ይገፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ቦታ ያልቅበታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉት አበው ቅጽ ሞልተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ቅጽ ላይ ከሦስት ትውልድ በላይ የዋለ ስም አላየሁም።

እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ድርጅታችን ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጋቢና ነጠላ ተረክቦ፣ መርምሮ፣ አጥፎ ወደ ውጭ አገር ይልካል። የኔ ድርሻ ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥር መስጠት፣ ማስቀመጥና ሲጠየቅ ማውጣት ነው። ብዙ አላወራም። መዝገብ ቤት ውስጥ ወሬ የሚወድ ሰው ከተቀመጠ መዝገብ ቤትነቱ ይቀርና ጠጅ ቤት ይሆናል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ማን እንደተረተው አላውቅም፤ ብቻ ከኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለድርጅቱ ኢሜይል ሲገባ ኮምፒውተሩ እኔ ክፍል ተቀመጠ። ኢሜይል ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ የሚገባው መዝገብ ቤት ነው፤ ማንም አልተከራከረም። ሠላሳ አንዳችንም የምንጽፈውም የሚጻፍልንም በዚያች በአንዲት ማሽን በኩል ሆነ።

አሁን የምነግራችሁን የውጭ ሰው አያምነኝም፤ ቢሮ ገብታችሁ የምታውቁ ግን ታምኑኛላችሁ። እኛ ቤት ኢሜይል የሚላከው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ደብዳቤው በኮምፒውተር ይጻፋል። ከዚያ በወረቀት ይታተማል። ይፈረምበታል። ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ስካን ተደርጎ ፎቶው ከኢሜይሉ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ጉዳዩ በሚለው ቦታ ላይ "ደብዳቤ ስለመላክ" ተብሎ ይጻፋል። ውስጡ ደግሞ ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ደብዳቤውን በአባሪነት የላክን መሆኑን እንገልጻለን ይላል። በቃ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ወሬ ነው። በመስኮቴ በኩል ብርድ ይገባል ብሎ ለጎረቤት ክፍል የሚጽፍ ሰው እንኳ ማኅተም ፍለጋ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። እናም በዚያች ማሽን ውስጥ ያጠራቀምነው የዓመታት ደብዳቤ ሁሉ ርዕሱ አንድ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ፎቶ አያነብም፤ ያቺ የኛዋስ ጽሑፉንም በግድ ነው። አንድ ደብዳቤ ፈልጊ ብትሏት ያላትን በሙሉ ታመጣላችኋለች። ሁሉም ደብዳቤ ስለመላክ ነው።

ባለፈው ክረምት ያቺ ማሽን ማርጀቷን የማያምን ጠፋ። ጠዋት ስትነሣ ተሳፋሪ ሞልቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት የሚወጣ ሚኒባስ ድምፅ ታወጣለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ብሩክ አዳዲስ ኮምፒውተሮች አስገዙ። አዲሶቹ ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም ግን የአሮጌውን ፋይል እንዳለ አይከፍትም፤ ደብዳቤው ሁሉ ተለውጦ መሻገር አለበት። ጊዜውም ተቆርጧል። አሮጌዋ ማሽን ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውስጧ ተጠርጎ፣ ከአሮጌዎቹ ወንበሮች ጋር፣ ጨረታውን ላሸነፈው ሰው ትሰጣለች።

ሥራውን እንድትሠራ ሰላም የምትባል ባለሙያ መጣች። ጳውሎስ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አላት። ሠላሳዎቹን የጨረሰች፣ ጥያቄዋ አጭር፣ መልሷም አጭር የሆነ ሴት ናት። ወዲያው ወደድኳት።

ለብዙዎቻችን ይህ ሽግግር የሁለት ቀን እንግልት ነበር። ለአንዲት ሴት ግን የቀረ ዕድሜዋ ጉዳይ ነበር።

ወይዘሮ ጽጌ የጨርቅ መርማሪያችን ናት። ጋቢውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ዓይኗን ሳይሆን እጇን ትልክበታለች፤ የዘለለ ክር ካለ ጣቷ ይቆማል። ዊንጌት አካባቢ ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ከወር በኋላ ጡረታ ትወጣለች። ለዚያ ደግሞ በቋሚነት የተቀጠረችበት ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ዋናው ወረቀት የነበረበት ቁም ሳጥን ጣሪያው ባፈሰሰበት ክረምት ርሶ ሻግቶ ተጥሏል። ደብዳቤው ካልቀረበ የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት አይቆጠሩላትም፤ እነሱ ካልተቆጠሩ ደግሞ በየወሩ ለሚከፈል ጡረታ የሚያበቃው ዘመን አይሞላም። አንዴ በእጇ የሚሰጣትን ይዛ ትሄዳለች፤ እሱም ያልቃል። አንድ ቅጂ ግን እንዳለ እኔም እሷም እናውቃለን። ያኔ ስካን ተደርጎ ተልኳል። አሮጌዋ ማሽን ውስጥ አለ፤ ከነዚያ ደብዳቤ ስለመላክ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ።

የጽጌ አባት ስም ወልዴ ነው። የኔም ወልዴ ነው፤ ደምሴ ወልዴ እባላለሁ። ስለዚህ ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ "የአባቴ ልጅ" ነው የምትለኝ። በተናገረችው ቁጥር ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ለምን እንደማልስቅ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቀኝም አልነግረውም ነበር።

ሰላም ረቡዕ ቀኑን ሙሉ አሮጌውን ፋይል ስትቆራርጥ ዋለች፤ ዓመታት ሙሉ አንድ ላይ ስለተከመረ በአንዴ አይሻገርም። ሐሙስ ጠዋት አዲሱን ፕሮግራም ለያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ሳጥን ክፈት፣ ደብዳቤውንም እየለየህ አስገባ ብላ አዘዘችው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ሄደ፣ ሄደ፣ ሞላ። ቀና ብለን ስናይ ሳጥኖቹ ተደርድረዋል። ብሩክ የለም። ታምሩ የለም። ደምሴም የለም። ማሞ፣ ሻምበል፣ ወልዴ፣ ገብሬ፣ አያሌው እያለ ይወርዳል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ኢሜይሉ በገባበት ዘመን የሠራተኞቹን አድራሻ የሞላሁት እኔ ነበርኩ። ቅጹ ሁለት ቦታ ነበረው፤ አንዱ ስም፣ አንዱ የቤተሰብ ስም ይላል። የቤተሰብ ስም በሚለው የአባት ስም ጻፍኩበት። ሌላ ምን ሊጻፍበት ነው? አሮጌው ፕሮግራም ያንን ቦታ ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። አዲሱ ግን ሰው ማለት የቤተሰቡ ስም ነው ብሎ የሚያምን ፕሮግራም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ብሩክ ማሞ፣ ማሞ ሆነው ዋሉ። ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸው፣ መላጣቸው ወጥቶ፣ ማሞ። በር ጠባቂው ታምሩ ሻምበል ደግሞ ሻምበል ሆነ። አባቱ በዕድሜያቸው ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ስማቸው ነው። ያን ዕለት የኋላው በር በሥራ ሰዓት ይዘጋ የሚል ትእዛዝ ከሥራ አስኪያጁ ለጥበቃ ሲላክ ስክሪኑ ላይ "ከማሞ ለሻምበል" ተብሎ ሰፈረ። ታምሩ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ "ማሞን ንገሩት፣ ሲመቸኝ እዘጋዋለሁ" አለ። ሄዶ ግን ወዲያው ዘጋው።

ሁሉም አልሳቀም። የሒሳብ ሠራተኛዋ አባት ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ስማቸውን ከሳጥኖቹ መሐል ስታየው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰላምን፣ ሥራሽን ካላበላሸብሽ እስከ ነገ አትቀይሪው ብላ ለመነቻት። ሰላምም የሚስተካከለው ነገ ነው አለቻት። ውሸቷን ነበር፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

እኔ መቁጠር ልማዴ ነው፤ ሳጥኖቹን ቆጠርኳቸው። ሠላሳ ናቸው። እኛ ሠላሳ አንድ ነን። እንደገና ቆጠርኩ። ወልዴ አንድ ነው፤ አጠገቡም ቀይ ምልክት አለበት።

"ጋሼ ደምሴ፣ ይሄ የሁለት ሰው ሳጥን ነው" አለችኝ ሰላም። "እርስዎንና ወይዘሮ ጽጌን አንድ ቤተሰብ አድርጎ ቆጥሯችኋል። ደብዳቤዎቹ ካልተለዩ አላሻግርም ብሏል።"

"ሁሉንም ወደ እኔ ውሰጂው" አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። ለራሴ እንኳ ቶሎ መሰለኝ።

በጣቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ አሳየችኝ። የሠራተኛ የግል ማኅደር የሚከፈተው ባለቤቱ በተገኘበት ብቻ ነው፤ ሲተላለፍም ባለቤቱ በርክክብ ቅጽ ላይ ይፈርማል ይላል። መመሪያውን ያረቀቀው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የሰቀልኩትም እኔ ነኝ።

ሰላም ያለውን መንገድ ነገረችኝ። ወይ ሁለታችን ተቀምጠን ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትን እንለያለን፤ ወይ ያንን ሳጥን ዘልላው ታልፋለች። ስም ማስተካከሉ የሳጥኑን ስም ብቻ ነው የሚቀይረው፤ አንዴ የተቀላቀለውን ደብዳቤ አይለየውም። ከተዘለለ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማሽኗ ጋር ይጠፋል። ፋይሉን ብትቀጂውስ አልኳት። እቀዳዋለሁ አለች፤ የሚከፍተው ፕሮግራም ግን አይኖርም፤ ቁልፉ የጠፋ ሳንዱቅ ታቅፎ መቀመጥ ነው።

"ልዝለለው?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ላቁምና እስካሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። በዚያ ሳጥን ውስጥ አንድ የኔ ደብዳቤ አለ።

ልጅ ሆኜ ሽሮ ሜዳ፣ ታክሲ መቆሚያው አጠገብ፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር የማድረው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ረጅም ነው። አጭሩ፣ ሰው አልነበረኝም። ቀን ቀን ለሸማኔዎች ማግ እጠቀልላለሁ፤ ቁራሽ ይሰጡኛል። ረሃብን የምታውቁት ከሆነ መንገር አያስፈልገኝም፤ የማታውቁት ከሆነም ተነግሮ አይገባም። ከሸማኔዎቹ አንዱ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ሦስት ልጆች አሏቸው። አንድ የሐምሌ ቀን ዝናቡ አላቆም ሲል "እዚህ ሁን" አሉኝ። አራት ሆንን።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። መዝጋቢው ስሜን ጠየቀኝ፤ ደምሴ አልኩት። የአባትህስ ስም ማነው አለኝ። ዝም አልኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከኋላዬ የቆመ ልጅ ሳቀ።

"ወልዴ ብለው ይጻፉ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ልጅዎ ነው?" አላቸው።

"የጠየቁት ስም ነው፤ ስሙ ይኸው ነው" አሉት። ለአያት ደግሞ የራሳቸውን አባት ስም ጨመሩልኝ። ያን ቀን የጀመሩትን ነጠላ ድሩ ላይ ትተውት ነው የመጡት። ለሸማኔ የአንድ ቀን ሥራ መፍታት ምን እንደሆነ ሽሮ ሜዳ ያላደገ አይገባውም።

ሲሞቱ ጎልማሳ ሆኛለሁ። በሣልስቱ ትልቁ ልጃቸው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝና፣ አባታችን በሕይወት እያለ ዝም ብለናል፤ ከእንግዲህ ግን በስማችን ባትጠራ ደስ ይለናል አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ስሙም የሱ ነው። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ሌላ ስም ግን ከየት ይመጣል?

ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ የሠራተኞችን ማኅደር ሲያድስ የአባት ስም በማስረጃ ይረጋገጥ ተባለ። ማስረጃ የለኝም። ለያኔው ሥራ አስኪያጅ ጻፍኩ። ወልዴ የሥጋ አባቴ አይደሉም፤ የሥጋ አባቴን ስም አላውቅም፤ ወልዴ ከመንገድ አንሥተው ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡኝ ስማቸውን ሰጡኝ፤ ልጆቻቸው አሁን በስማቸው እንዳልጠራ ጠይቀውኛል፤ ድርጅቱ የሚወስነውን እቀበላለሁ አልኩ። ፈረምኩ። "ምስጢር" የሚለውን ቀይ ማኅተም መታሁበት። ስካን አደረግኩት። ደብዳቤ ስለመላክ ብዬ ላክሁት። መልስ ሳይመጣ ሥራ አስኪያጁ ተቀየሩ። እኔም ነገሩን ዳግመኛ አላነሣሁትም።

ሰው ቢያውቀው ምን ይመጣል ትሉ ይሆናል። ምንም አይመጣም። ብቻ ሠላሳ ሰው እኔን ባየ ቁጥር ማዘን ይጀምራል። ያንን በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ።

እንግዲህ ሰላም ልዝለለው ስትለኝ ከኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው። እሺ ብል ደብዳቤዬ ለዘላለም ይጠፋል፤ ያጠፋው ማሽኑ ነው፣ እጄ የለበትም። የጽጌም አራት ዓመት አብሮ ይሄዳል፤ እሱንም ያጠፋው ማሽኑ ነው። ማሽን መቼም ለሰው ኃጢአት የተመቸ ነገር ነው። "እስከ ነገ ጠዋት ልሰብበት" አልኳት።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ጽጌ መመርመሪያው ጠረጴዛ ላይ ናት። ቀና ሳትል፣ "የአባቴ ልጅ፣ ተገኘ?" አለችኝ።

"እየተፈለገ ነው" አልኳት።

"አይጠፋም። አንተ ጋ የገባ ወረቀት መቼ ይጠፋል" አለችና ጣቷ ቆመ። የያዘችው ጋቢ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከምልክቱ ወዲህና ወዲያ ደጋግማ ዳሰሰችው። "ይሄን የሸመነው ሰውዬ ርቦት ነበር" አለች።

እንዴት አወቅሽ አልኳት።

"እዚህ ጋ ሽመናው ላልቷል። ከዚህ ወዲህ ደግሞ ጠብቋል። በልቶ ተመለሰ ማለት ነው።" ጋቢውን አጥፋ ካለፉት ጋር ደረበችው። ጥፋት አለበት ብላ መመለስ ትችል ነበር።

ዓርብ በጠዋት ጽጌን ጠራኋት።

ሰላም አዲሶቹን ማሽኖች ልታገናኝ ወደ ሌላው ክፍል ሄደች። ጽጌ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ማውሱን እኔ ያዝኩ። ደብዳቤ ስለመላክ፤ ስንከፍተው የጽጌ የዓመት ፈቃድ። ደብዳቤ ስለመላክ፤ የኔ፣ ወንበር እንዲቀየርልኝ የጠየቅኩበት። ደብዳቤ ስለመላክ፤ ጽጌ ለአክስቷ ለቅሶ ሦስት ቀን። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ደብዳቤ ስለመላክ፤ ጽጌ ለአክስቷ ለቅሶ ሦስት ቀን።

"አክስትሽ ሁለት ናቸው?" አልኳት።

"አንድ ናት። አንደኛው ሠርግ ነበር" አለች።

የኔ የወንበር ጥያቄ አምስት ጊዜ መጣ። በመጨረሻ ተቀየረልህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የተቀመጥኩበትን አሳየኋት። እንዲህ እያልን ቀጠልን፤ የሷን ወደ ሷ፣ የኔን ወደ እኔ። የሰው የሥራ ዘመን አንድ ላይ ተሰብስቦ ሲታይ ፈቃድና ወንበር ነው። ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ምሳ የጠራን የለም።

ስድስት ተኩል ገደማ ላይ አንዱን ስከፍት ከጽሑፉ በፊት ቀዩ ማኅተም ታየ።

ማውሱ በእጄ ነው። መዝጋት እችላለሁ፤ የኔ ነው ብዬ ማሳለፍ እችላለሁ፤ መመሪያውም ይፈቅድልኛል። አልዘጋሁትም። ለምን እንዳልዘጋሁት አልመረመርኩም፤ ምናልባት ደክሞኝ ነበር። ጽጌ ስታነብ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች ነው፤ ጨርቅ ስትመረምር እንደምታደርገው። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሄደ።

"ይሄ ያንተ ነው" አለች። "ወዳንተ አስገባው።"

አስገባሁት።

"ቀጥል" አለች።

የሷ የተገኘው ከዚያ ሰባት ደብዳቤ አልፎ ነው። ሰማያዊው ክብ ማኅተም፣ ስሟ፣ ቀኑ፣ በቋሚነት የሚለው ቃል፣ ሁሉም አለ። አልጮኸችም፣ እልልም አላለች። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ዓይኗንም በዚያው። ሁለት ቅጂ አተምኩላትና ትክክለኛ ግልባጭ የሚለውን ማኅተም መታሁበት። በርክክብ ቅጹ ላይ ሁለታችንም ፈረምን። እሷ ጽጌ ወልዴ ብላ ፈረመች። እኔ ደምሴ ወልዴ ብዬ ፈረምኩ። ቅጹን ጎን ለጎን ያየ ሰው ወንድምና እህት ርስት የተካፈሉ ይመስለዋል።

በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

"የኔ ወልዴ መጠጥ ቤት ነው ኖሮ የሞተው" አለችኝ። "የተወልኝ ስሙን ብቻ ነው፤ እሱንም አስቦበት አይደለም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞልኝ አያውቅም።" ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ አስገባች። "እና ይሄን ሁሉ ዓመት የአባቴ ልጅ ስልህ አሳንሼህ ነው የኖርኩት። ይቅር በለኝ።"

ምሳ ሰዓት እንዳያልፍብሽ አልኳት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰላም ሁለቱን የስም ቦታዎች አቀያየረቻቸው። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀባትም። ማሞ ብሩክ ሆኑ፤ ትእዛዛቸውም ክብደቱን መልሶ አገኘ። የሒሳብ ሠራተኛዋ መጥታ የአባቷን ስም በስልኳ ፎቶ አነሣችውና ይቀየር አለች። ታምሩ ከበሩ ተነሥቶ መጥቶ፣ ሻምበል የሚለው ለጥበቃ ሥራ ስለሚጠቅም እንዳለ ቢተውለት ምን ችግር እንዳለው ጠየቀ። አቶ ብሩክ አልፈቀዱም። አንድ ቀን ማሞ ሆኖ የዋለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም።

የመጨረሻው የኔ ነበር።

"ጋሼ፣ የእርስዎንም በስምዎ ላድርገው?" አለችኝ ሰላም።

"ተይው።"

"ወልዴ እንዳለ ይሁን?"

"ይሁን።"

ለምን ብላ አልጠየቀችም። ወዲያው ወደድኳት ብያችሁ የለ?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረታውን ያሸነፈው ሰው መጥቶ አሮጌዋን ማሽን ከወንበሮቹ ጋር ጫናት። የኔን ወንበር ግን አልወሰደም፤ ዝርዝሩ ውስጥ የለም አለ።

የጽጌን ደብዳቤ ተቀበሏት፤ አራቱም ዓመታት ተቆጠሩላት። ከወር በኋላ ተሰናብታ ወጣች፤ ደብዳቤዎቿም በደንቡ መሠረት ከፕሮግራሙ ወጡ። የመጨረሻው ቀን በመስኮቴ በኩል "ደህና ሁን፣ ደምሴ ወልዴ" አለችኝ፤ ስሜን እስከ አባቴ ጠርታ። የጋሽ ወልዴ ልጆች ሽሮ ሜዳን ለቀው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሸማኔ የሆነ አልወጣቸውም፤ ቤቱም ሌላ ሰው ይኖርበታል።

አሁን ጠዋት ጠዋት አዲሱን ፕሮግራም ስከፍተው ሃያ ዘጠኝ ሰው በየራሱ ስም ተደርድሮ አገኘዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ከገቡት አባቶች የቀሩት አንድ ናቸው፤ ወልዴ። ሳጥናቸው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።